‹‹እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ በሽታ የለም!››

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባ የተጻፈ፣ እዚህም እዚያም ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ። ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይጠቀስ አደራ ብለውኛል። አደራ በላ አያድርገኝና፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው ከማለት ሌላ ምንም አልልም። አሳጥሬ እንዲህ አቅርቤዋለሁ።

‹‹የ13 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤቷ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ ነው የሚል መልእክት ይዛ መጣች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤት ቡና ላይ ባነሳው ግን ጉድ ፈላ! አንዷ ‹ያመክናል› አለች። ሌላዋ ደግሞ ‹ገና ለገና ምን ታደርጋለች ብለሽ ነው የምታስከትቢያት? ለብልግና ፈቃድ መስጠት እኮ ነው› አለችኝ። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ‹ልጄን ማንም አይነካብኝም› ብሏል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። ምን ትመክሪኛለሽ? ብቻዬን ተጣልቼ ላስከትባት ወይስ እንደ ሰፈሬ ልሁን?››

እውነቱን ልናገርና መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ‹‹እናቴ፣ ያስከትቧት!›› ብዬ በሁለት መስመር ልገላገል ብዕሬን አንስቼ ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ‹‹እንደ ሰፈሬ ልሁን?›› የምትለው ጥያቄ ግን አላስተኛችኝም። ሰው እኮ ብቻውን አይኖርም። ልጁ ስታገባ ድንኳን የሚተክልለት፣ ሲሞት የሚቀብረው ሰፈሩ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰፈር ውስጥ የጤና ፕሮግራም ይዞ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው?

እስኪ አስቀድመን የበሽታውን ነገር እንጨርስ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ በሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ብዙዎቹ ሴቶች ቢይዛቸውም ሰውነታቸው ራሱ ያስወግደዋል። ያልተወገደው ግን ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለ15 እና ለ20 ዓመት ቆይቶ ወደ ካንሰር ይለወጣል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው። ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ መወጋትም ይበቃል ተብሏል። በልጅነት የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይቀድም ክትባቱ መቅደም ስላለበት ነው።

‹‹ለብልግና ፈቃድ ነው›› ለሚሉት አንድ ነገር ልንገራቸው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስም በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። ክትባቱን ግን ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ይጀምሩታል። አንድም እናት ‹‹ልጄን ለብልግና›› ብላ ከክትባት ስትሸሽ አላየሁም። ‹‹ያመክናል›› የሚለውም ከየት እንደመጣ አይታወቅም እንጂ ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ መውለድንም አይከለክልም። ማህፀን የሚያስወጣውስ በሽታው ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለእናትየዋ ብልክላቸው ትክክል ነኝ። ግን ጎረቤቶቻቸው ይህን ቢያነቡት ያምኑታል? እዚህ ላይ ነው ነርሷ ጓደኛዬ የገባችበት። ‹‹አንቺ መልስ ይዘሽ ነው የምትሮጪው። ሰፈሩ የት ላይ እንዳለ መቼ ጠየቅሽ?›› አለችኝና ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት አዋሰችኝ።

ዘጠኝ ደረጃ ያለው መሰላል

የወረቀቱ ሐሳብ አሜሪካ ከሚገኘው ከኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች መጠጥና አደንዛዥ ዕፅን ለመከላከል የሚወጣው ፕሮግራም አንዱ ቦታ ሲያፈራ ሌላው ቦታ ለምን እንደሚከሽፍ ሲያጠኑ ያወጡት ነው። የመሬቱ ባለቤት ከሆኑት ሕንዶች ጋርም ብዙ ሠርተውበታል። አንድ ሰፈር ለአንድ ጉዳይ ያለውን ዝግጁነት በዘጠኝ ደረጃ ይለካሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ ጨርሶ አለማወቅ ነው፤ ነገሩ እንደ ችግርም አይቆጠርም። ሁለተኛው መካድ ነው፤ ‹‹ሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል፣ እኛ ዘንድ ግን የለም›› የሚባልበት። ሦስተኛው ላይ ‹‹አንድ ነገር መደረግ ነበረበት›› ይባላል፤ የሚያደርገው ግን የለም። አራተኛው ላይ ‹‹እስኪ እንሰብሰብ›› የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ ዝግጅቱ፣ ሥራ መጀመሩ፣ መርጋቱ እያለ ይሄድና ዘጠነኛው ላይ ሰፈሩ ጉዳዩን የራሱ ያደርገዋል። ከላይ ያሉት ደረጃዎች ለጊዜው ይቆዩን። እኛ ያለነው ታች ነው።

አለካኩ ውስብስብ አይደለም። ሰፈሩን ያውቃሉ የሚባሉ ጥቂት ሰዎች፣ አራትም ስድስትም ቢሆኑ፣ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ጥያቄው ‹‹አንተ ምን ታስባለህ?›› ሳይሆን ‹‹ሰፈሩ ምን ይላል? መሪዎቹ ይህን ነገር ያነሱታል ወይ? ስለ በሽታው ምን ያህል ይታወቃል? የተጀመረ ሥራ አለ ወይ? ገንዘቡስ፣ ቦታውስ፣ ሰዉስ?›› የሚል ነው። መልሱን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጡታል፤ በኋላ ተገናኝተው ይከራከሩና ይስማማሉ። ሥራው የሚጀመረው ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘው ነው።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ብዕሬን ይዤ የወጣሁ ነኝ። ግን መጠየቅ ማን ይከለክለኛል ብዬ በእናትየዋ ፈቃድ ሰፈራቸው ገባሁ። ለጋዜጣ እንደምጽፍና የማንንም ስም እንደማላወጣ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

አምስት ሰዎችና አምስት ‹‹ችግር የለም››

ከወረዳው ጤና ሠራተኛ ጀመርኩ። ሰውየው ትሑት ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ‹‹ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ ተቀብሎታል። ስብሰባ ጠርተን አስተምረናል፤ አጨብጭበው ነው የወጡት›› አሉኝ። ስንት ሰው ጥያቄ እንዳነሳ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና ‹‹ጥያቄ አልነበረም›› አሉ። (ልብ በሉልኝ፤ እኛ አገር ጥያቄ ያልተነሳበት ስብሰባ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁሉ የገባው ወይም ሁሉ ወደ ቤቱ የቸኮለ።)

ከዚያ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ አንድ የሃይማኖት አባትና የወጣቶች ተወካይ ነኝ የሚል ልጅ። ሁሉም ‹‹ችግር የለም›› አሉኝ። የሃይማኖት አባቱ ቀና ሰው ናቸው። ‹‹ሰዎቹ እኛን ይሰማሉ፤ ግን በዚህ ጉዳይ የጠየቀን የለም። ባይጠይቁንም መናገር አለብን እንዴ?›› ብለው እኔኑ መልሰው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።

አምስተኛው የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥያቄዬን አዳመጡና ሳቁ። ‹‹ልጄ፣ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ በሽታ የለም! እዚህ ያለው ስኳርና ደም ብዛት ነው። ዕድሩን ስመራ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ በማህፀን በር ካንሰር ሞተ ተብሎ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድም ሰው የለም›› አሉኝ። መዝገቡን እንዳይ ፈቀዱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ የለም። እንዲያውም መዝገቡ ላይ የሞት ምክንያት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ፊርማ። በቃ።

በዚሁ ልጨርስ ነበር። ደብዳቤ ጸሐፊዋ ግን ‹‹እማማን ሳታነጋግሪማ አትሂጂ›› አሉኝ። እማማ ማለት ሴት ስትሞት አስከሬኗን አጥበው የሚገንዙት አሮጊት ናቸው። ከቤታቸው ስገባ ሽንብራ ይለቅሙ ነበር። እኔም አብሬ እየለቀምኩ ያው ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

‹‹እኔ የምገንዘውን አውቃለሁ›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹ለለቅሶኛው ‹የሆድ ሕመም ነበረባት› ይባላል። የምን የሆድ ሕመም! ደሙ አልቆም ብሎ፣ ሽታው ሰው አላስቀርብ ብሎ፣ የገዛ ልጆቿ አፍንጫቸውን ይዘው ምግብ እያቀበሏት የሞተች አለች። ሦስት ናቸው እኔ በእጄ ያጠብኳቸው። አንዷ የአርባ ዓመት ሴት ናት።››

‹‹ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገሩም እማማ?››

‹‹ማን ጠየቀኝ?››

አራት ወይስ ሁለት?

ማታ ከነርሷ ጓደኛዬ ጋር ተገናኘን። እንደ ወረቀቱ ትእዛዝ ለየብቻ ነጥብ ሰጠን። እኔ ለሰፈሩ ስሜትና ለመሪዎቹ 4 ሰጠሁ። እሷ 2። ተከራከርን። እኔ ‹‹ሁሉም እኮ ክትባቱን እንደግፋለን ብለዋል!›› እላለሁ። እሷ ‹‹የደገፉት ክትባቱን ሳይሆን አንቺን ነው። እንግዳ ናሻ! ጨዋ ሰው እንግዳን ይቃወማል እንዴ?›› ትላለች።

ተሸነፍኩ። ‹‹እሺ ይበልጣል ከሺ›› እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ግን ‹‹እሺ›› ስንት ዓይነት ነው? እሺ አደርገዋለሁ አለ፤ እሺ ሂድልኝ አለ፤ እሺ ብዬህ ሳልመጣ እቀራለሁም አለ። የስብሰባው ጭብጨባ የትኛው እሺ እንደሆነ ሳያጣራ ‹‹ማኅበረሰቡ ዝግጁ ነው›› ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። የሰፈሩን እውነተኛ ነጥብ የሰጡኝ አምስቱ ተሰሚዎች ሳይሆኑ ሽንብራ ለቃሚዋ ናቸው፤ በማንም የተጠያቂዎች ዝርዝር ላይ ግን አልነበሩም፤ በእኔም።

አንድ ነገር ግን ከፍ ያለ ነጥብ አግኝቷል፤ አቅርቦቱ። ጤና ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ክትባት አለ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችም ኮምጣጤ ውስጥ በሚገኘው አሲድ የማህፀን በራቸው ይመረመራል፤ የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ካንሰር ሳይሆን ይታከማል። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ሰው የለም። ሠርግ ደግሶ ሳይጠሩ እንደመቅረት ያለ ነው።

መካድ ላይ ያለ ሰፈር ውስጥ ምን ይደረጋል? ወረቀቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ሰልፍና ትልቅ ዘመቻ ገና ነው፤ መጀመሪያ ከሰው ከሰው መነጋገር፣ ከትንሽ ትንሽ ስብስብ ጋር መቀመጥ፣ በሰፈሩ የደረሰውን በሰፈሩ ሰው አፍ መናገር። ወረዳው ያደረገው ግን ሌላ ነው። መኪና ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ‹‹ልጃገረዶችን አስከትቡ!›› እያለ መንደሩን ዞረ። እናትየዋ እንዳጫወቱኝ ሞንታርቦው ካለፈ በኋላ ወሬው ባሰ። ‹‹ጥሩ ነገር ቢሆን እንዲህ ይለማመጡን ነበር?›› ተባለ። መቼም ምን ይባላል!

ይህን እንደ ተራ የሰፈር አሉባልታ የሚያይ ካለ የናይጄሪያን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ በካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት ያመክናል የሚል ወሬ ተነስቶ፣ የሃይማኖትና የፖለቲካ መሪዎችም ደግፈውት ክትባቱ ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ግን አልቆመም። ድንበር እየተሻገረ ብዙ አገር አዳረሰ። በሱዳን በኩል አድርጎ በ1997 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የእኛን ሕፃን አገኘ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፖሊዮ ከጠፋ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ካኖ ላይ ክትባቱ የተመለሰው መሪዎቹ ራሳቸው ተጠይቀው፣ ክትባቱ በሚያምኑት ቦታ ተመርምሮ፣ ከሚያምኑት የሙስሊም አገር እንዲመጣ ከተደረገ በኋላ ነው። የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ።

ሩቅ መሄድስ ለምን ያስፈልጋል? እናቶቻችን ስለ ኤድስ የሚነግሩን ምንድን ነው? እዚህ አገር የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ‹‹ሳንባ ነው››፣ ‹‹ምች ነው››፣ ‹‹መጋኛ መታው›› ሲባል ከረመ። ዕድሮች ድንኳን ከመትከል አረፍ ያላሉበት ጊዜ ነበር። ቆይቶ ግን እነዚያው ዕድሮች ናቸው ለታመመ አስታማሚ፣ ለሙት ልጅ ደብተር መግዛት የጀመሩት። ከታች ያለ ሰፈር እዚያው ይቀራል ያለ ማን ነው?

እንዲያው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ‹‹ዝግጁነት›› የሚሉት ቃል ሰበብም ይሆናል። አንዳንዱ ኃላፊ ‹‹ሕዝቡ ዝግጁ አይደለም›› ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዝግጁ ያልሆነው ማን እንደሆነም መጠየቅ አለበት። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ የሆነው እናቶች እምቢ ብለው አልነበረም፤ በዓለም ላይ የክትባቱ እጥረት ስለነበረ ነው። ያኔ ልጇን ይዛ የሄደች የ12 ዓመት ልጅ እናት ‹‹ቆይ›› ተብላ ተመልሳለች።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ

ለእናትየዋ የመከርኳቸው ይህን ነው። ልጅዎን ያስከትቡ፤ ግን ከባለቤትዎ ጋር በጩኸት አይሁን። ጎረቤቶችዎንም ‹‹መሃይም›› አይበሏቸው፤ የፈሩት ለልጃቸው ነው፤ እርስዎም የሚፈሩት ለልጅዎ ነው። ቡና ያፍሉና ስለ ክትባቱ ሳይሆን ስለ ሞቱት ሴቶች ይጀመር። የሚናገሩት ደግሞ እኔም አይደለሁ፣ ነርሷም አትሁን፤ እማማ ይሁኑ።

እማማ መጀመሪያ አልፈለጉም። ‹‹የሬሳ ምስጢር ይወጣል እንዴ?›› አሉ። ስም ሳይጠሩ እንደሚናገሩ ከተስማማን በኋላ እሺ አሉ። የመጡት ሰባት ሴቶች ናቸው። ነርሷ ጓደኛዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ እስክትጠየቅ ድረስ ዝም ብላ ሰማች። ሁለተኛው ቡና ላይ ‹‹የኔም እህት እኮ እንደዚያ ነበር የሆነችው›› ያለች ሴት ተገኘች። ከዚያ ሌላዋ። ‹‹ያመክናል›› ያለችዋ ጎረቤት አንገቷን ደፍታ ፍንጃል ስታዞር ቆየችና ነርሷን ‹‹ምርመራው ያማል?›› ብላ ጠየቀች። ስለ ልጇ ሳይሆን ስለ ራሷ።

አባወራው ዕለቱን ውጭ በር ላይ ነበሩ አሉ። እማማ ሲወጡ ጠብቀው ‹‹እናቴም የሆድ ሕመም ነው የተባለችው›› አሏቸው። እማማ ‹‹እናትህን የገነዝኳት እኔ ነኝ›› ብለው ሄዱ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ማታ ባልየው ለባለቤታቸው ‹‹ክትባቱ መቼ ነው ነበር ያልሽው?›› ብለዋል። ልጅቷ ተከትባለች፤ ክንዷን ለአንድ ቀን አመማት፣ በማግስቱ ገመድ ስትዘል ዋለች።

እኔና ጓደኛዬ ነጥቡን እንደገና ብንሰጥ ምናልባት 3 ቢሆን ነው። ከሰባቱ ሴቶች አራቱ ለምርመራ ሄደዋል፤ አንዷ ‹‹እንደገና ነይ›› ተብላለች፣ ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። የዕድሩ ዳኛ አሁንም በሽታው የለም ይላሉ፤ ግን መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመር ወይ የሚለውን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ ብለውኛል። ‹‹ለብልግና ፈቃድ ነው›› ያሉት ጎረቤት ግን ቡናውንም አልመጡም፣ ሴት ልጃቸውንም አላስከተቡም። ልጅቷ በመጪው ሚያዝያ 15 ዓመት ይሞላታል።